«ገደበ» እና «ከለከለ»

በመርሳና በጊራና በኩል በመስኖ የሚያለማ ገበሬ «ገደበ» የሚለውን ግስ ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል። ወንዙን በድንጋይና በቅርንጫፍ ሲገድብ ውሃውን ወደ ቦዩ ይመልሰዋል እንጂ አያደርቀውም። የውሃ አባት «ያንተ ተራ እስከ ቀትር ነው» ካለ ገደበ። «ዛሬ ውሃ አታገኝም» ካለ ግን ከለከለ።

ቃሉ ከወንዝ ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያደናግራል። «ተገድቧል» የሚል ማስታወቂያ ስናነብ «አበቃ፣ ቀረ» ብለን እንመለሳለን። እንዲህ አይደለም እኮ! የተገደበ ነገር የተፈቀደ ነው፤ ልኩ ብቻ ተወስኗል።

በእንግሊዝኛም «ሪስትሪክት» የሚባል ግስ አለ፤ ፍቺው ገደበ ነው። ሥሩ የላቲን ሲሆን ወደ ኋላ ስቦ ማሰር ማለት ነው። እኛ ከውሃ፣ እነሱ ከገመድ አመጡት። በገመድ የታሰረች ላም ገመዷ እስከ ደረሰበት ድረስ ትግጣለች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሁለቱንም አድርጓል። መሬት መሸጥና መለወጥን ከለከለ። የአንድ ቤተሰብን ይዞታ ግን ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ገደበ፤ ይህም ሩብ ጋሻ ያህል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሸጥን እንደ ከለከለ ነው። ማከራየት ግን ዛሬ በአማራ ክልል ተፈቅዷል፤ የኪራዩ ዘመን ነው የተገደበው።

እንግዲህ ጉልበት አንሷት ማረስ ያቃታት አንዲት እናት «የኪራይ ዘመን ገደብ» የሚለውን አንብባ ማከራየት የተከለከለ ቢመስላት መሬቷ ጦም ያድራል። «መሸጥ ክልክል ነው» የሚለውን ደግሞ «ጥቂት ብሸጥ ምን አለበት» ብሎ የተረጎመ ሰው ውሉ አይጸናለትም፤ ገዢውም ገንዘቡን ከፍሎ ሙግት ይተርፈዋል።

ወረቀቱ ላይ «እስከ» ወይም «ከዚህ ሳይበልጥ» የሚል ካለ ነገሩ ገደብ ነው። ልኩ ካልተጻፈ ጸሐፊውን «እስከ ስንት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጸሐፊዎችም እኮ አንዳንዴ ሁለቱን ያምታታሉ።

እስቲ እነዚህን አንብቡና የትኛው ክልከላ፣ የትኛው ገደብ እንደሆነ ለዩ፦

«ከ5 ቶን በላይ የጫነ መኪና በዚህ ድልድይ አይለፍ።»

«በዚህ ደን እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው።»

«ለአንድ አባል እስከ 2 ኩንታል ማዳበሪያ ይሰጣል።»