የሌሊቱ ድራፍትና የልጅ ልጄ ልብ

ባለፈው ሰኔ አንድ ምሽት የልጅ ልጄ «እማማ፣ ዛሬ ሌሊት ድራፍት ስላለ አልተኛም» ሲለኝ ክው አልኩ። ልጁ ገና የ17 ዓመት ተማሪ ነው። እኔ ደግሞ ድራፍት ሲባል የማውቀው በብርጭቆ የሚቀዳውን ቢራ ብቻ ነው። «ከማን ጋር ነው የምትጠጣው አንተ?» ብዬ ስቆጣ በሳቅ ፈረሰ። «የቅርጫት ኳስ ነው እማማ! የአሜሪካ ኤንቢኤ ክለቦች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት ቀን ነው» አለኝ።

ለዓመታት የሌሊት ተረኛ ለነበረች ነርስ ሌሊት መንቃት ብርቅ አይደለም። ኒውዮርክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እሱ እንዳስረዳኝ ይህ ምርጫ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በየዓመቱ ይደረጋል። ዛሬ 30 ክለቦች በሁለት ዙር፣ በተራ በተራ ይመርጣሉ። ተመራጮቹ በአብዛኛው በአሜሪካ ኮሌጆች ሲጫወቱ የቆዩ ወጣቶች ናቸው፤ ከሌላ አገር የሚመጡም አሉ። ቅድሚያው ለደካማ ክለብ ነው። ነገር ግን ክለቦች ቀዳሚ ለመሆን ብለው ሆን ብለው እንዳይሸነፉ፣ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች ልክ እንደ እቁባችን በዕጣ ይለያሉ። ደካማው ሰፊ ዕድል ይሰጠዋል እንጂ አንደኛነቱ አይረጋገጥለትም።

እኔን የያዘኝ ግን ዕጣው አይደለም። አዲስ ሙሉ ልብስ የለበሱ ለግላጋ ልጆች ከእናቶቻቸው ጎን ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ስሙ የተጠራው ይነሳል፣ እናቱን ያቅፋል፣ የክለቡን ኮፍያ አድርጎ ወደ መድረክ ይወጣል። እናት ታለቅሳለች። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እንባዬን ጠርጌ «እነዚህን ልጆች ማን መረመራቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። የልጅ ልጄ እንደገና ሳቀብኝ። ቀጥሎ ግን ያላሰብኩትን ታሪክ ነገረኝ፤ እኔም በማግስቱ አጣርቼ አነበብኩት።

ከምርጫው በፊት ወጣቶቹ ቺካጎ ላይ ይሰበሰባሉ። ቁመታቸው ያለ ጫማ፣ የክንዳቸው ርዝመት፣ ዝላያቸው ይለካል። የሕክምና ምርመራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተመራጮቹ አንዱ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ የነበረው አይዛያ ኦስቲን የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ነው። ቀኝ ዓይኑ በልጅነቱ ጠፍቶ በሰው ሠራሽ ዓይን እየተጫወተ እዚያ የደረሰ ልጅ ነው። ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ምርመራው ማርፋን ሲንድረም እንዳለበት አሳየ። ለኤንቢኤ መጫወቱ እዚያው ላይ ቀረ።

ሰኔ 19 ቀን 2006 ዓ.ም. ብሩክሊን ላይ ምርጫው ሲካሄድ፣ በ15ኛውና በ16ኛው ተራ መካከል የሊጉ ኮሚሽነር አዳም ሲልቨር ሥነ ሥርዓቱን ገታ አድርገው የኦስቲንን ስም ጠሩ። መራጩ ክለብ ሳይሆን ሊጉ ራሱ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት።

ማርፋን የሰውነትን አያያዥ ሕብረ ሕዋስ የሚያላላ፣ በዘር የሚመጣ ሕመም ነው። ከ5,000 ሰዎች አንዱን ገደማ ይይዛል። ከወላጆቹ አንዱ ካለበት ልጁ የመያዝ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ ከአራት ሕሙማን በአንዱ ላይ ግን በቤተሰቡ ሳይኖር አዲስ ይከሰታል። ምልክቶቹ ዘለግ ያለ ቁመት፣ ከቁመት የሚበልጥ የተዘረጋ ክንድ፣ ረጃጅም ጣቶች፣ ወደ ውስጥ የገባ ወይም ወደ ፊት የወጣ ደረት፣ የጎበጠ አከርካሪና የከፋ የቅርብ እይታ ናቸው። አደጋው ያለው ከልብ በሚነሳው ትልቁ ደም ቅዳ ላይ ነው። ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ ሊቀደድ ይችላል። አሜሪካዊቷ የመረብ ኳስ ኮከብ ፍሎ ሃይማን እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓን ውስጥ በውድድር ላይ ሳለች በ31 ዓመቷ የሞተችው በዚሁ ነው። ማርፋን እንዳለባት የታወቀው ከሞተች በኋላ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የልጅ ልጄን በሌላ ዓይን አየሁት። 1 ሜትር ከ93 ነው፤ መነጽሩ ወፍራም ነው፤ ጣቶቹን «የፒያኖ ጣት» እያልን ስናደንቃቸው ኖረናል። አውራ ጣቱን አጥፎ እንዲጨብጥ አዘዝኩት። የአውራ ጣቱ ጫፍ በትንሿ ጣት በኩል ብቅ አለ። ይህ ብቻውን ሕመም ነው አያሰኝም፤ በጤነኛ ረጅም ልጅም ይታያል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ለእናቱ ስነግራት ተቆጣች። «እማዬ፣ ደህናውን ልጅ ምን ታሟርቺበታለሽ?» አለችኝ። ሳምንት ሙሉ ተኮራረፍን። በመጨረሻ እሷው ራሷ ይዛው ሄደች። የልብ አልትራሳውንድ ተነሳ፤ የዓይን ሐኪምም አየው። ደም ቅዳው ልኩን የጠበቀ፣ ልቡም ደህና ነው ተባለ። ከክፍሉ ሲወጣ «እማማ፣ አሁን ድራፍት ገባሁ?» አለኝ። እናቱና እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቃቅፈን ተላቀስን።

ያን ቀን ማታ ግን የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ አደረ። በሥራ ዘመኔ ለስፖርት ውድድር የጤና ወረቀት የሚጠይቁ ተማሪዎች በሰልፍ ይመጡ ነበር። ቁመትና ክብደት፣ ግፋ ቢል የደም ግፊት ለክቼ «ጤነኛ» የሚለውን እሞላለሁ። ከእነሱ መካከል ጎንበስ ብሎ በበር የገባ ቀጭን፣ ደረቱ ስርጉድ ያለ ልጅ ነበር። «አንተማ ጣሪያችንን ታፈርሳለህ» ብዬ አሳቅኩት፤ ወረቀቱንም ሰጠሁት። ከቤተሰብህ በልብ ድንገት የሞተ አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ጥያቄው ገንዘብም መሣሪያም አይፈልግም ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ረጅም ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ አብዛኞቹ በቁመታቸው ከመኩራት በቀር የሚያሰጋቸው ነገር የለም። ከላይ ከጠቀስኳቸው ምልክቶች ብዙዎቹ ተደራርበው ከታዩ፣ በዘመድ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም ልጁ ሲሮጥ ራሱን የሚስት ከሆነ ግን ለሐኪም ይታይ። ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ የደረት ወይም የጀርባ ውጋት ሲሆን ደግሞ «ብርድ ነው» ተብሎ አይታደርም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በጊዜ የታወቀ ማርፋን በመድኃኒት፣ በክትትል፣ ካስፈለገም በቀዶ ሕክምና ይያዛል።

ኦስቲንም ቤቱ አልቀረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሙ ፈቅዶለት በሌሎች አገሮች ሊጎች ተጫውቷል። ኤንቢኤ አመለጠው፤ ዕድሜው ግን ተረፈለት። የእኔው ረጅም ደግሞ ለመጪው ሰኔ ከአሁኑ ቀጠሮ ይዞልኛል። እኔም ጋቢዬን አዘጋጅቻለሁ።