መዳብና አሉሚኒየም አንድ ውሃ አይጠጡም

ኮምፒውተር በውሃ ይቀዘቅዛል ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቢያፈስስስ?» ብሎ ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው። ያፈሰሰ ነገር ግን ወዲያው ይታያል፤ ማሽኑ ይጠፋል፣ ውሃው ይጠረጋል፣ የላላው መገጣጠሚያ ይጠብቃል። እኔ ካየኋቸው ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹን ያበላሸው ወደ ውጭ የወጣው ውሃ ሳይሆን ውስጥ የቀረው ነው። ብረቱን የሚበላውም ቦዩን የሚደፍነውም እሱ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ባለቤቱ የሚነቃው ፕሮሰሰሩ ያለወትሮው መጋል ሲጀምር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፓምፕ ውሃውን ይገፋዋል፤ ውሃው ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ላይ በተገጠሙት ብሎኮች ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ራዲያተር ውስጥ ሲገባ ፋን ይነፋበታል፤ ቀዝቅዞ ይመለሳል። በቃ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመውን ሙቀት አየር ልሸከም ቢል ከ3,000 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ ከዚያም ይጨምራል። እስከ 450 ዋት የሚወስደውን አርቲኤክስ 4090 ካርድ ለያዘ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ሰውዬው ጥሩ የመዳብ ብሎክ ይገዛል። ከዚያ ገንዘቡ ያጥርና ራዲያተሩን በርካሽ ያገኘዋል፤ አሉሚኒየም ነው። «ሁለቱን አትቀላቅል» ስትሉት የሚሰጣችሁ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምን ችግር አለው? አይነካኩም እኮ! በመሀላቸው ግማሽ ሜትር ጎማ አለ።»

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስላለው ነው ሰው የሚያሳስተው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጠው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ ካገኙ ባትሪ ይሆናሉ። ጣሊያናዊው ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ባትሪ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ሁለት ዓይነት ብረትና በጨው ውሃ የራሰ ቁራጭ። በኬሚስትሪ ሰንጠረዥ ላይ መዳብ በ0.34 ቮልት ከዜሮ በላይ፣ አሉሚኒየም ደግሞ በ1.66 ቮልት ከዜሮ በታች ተቀምጠዋል። እንዲህ ተራርቀው ሲገናኙ ደካማው ይበላል። ደካማው አሉሚኒየም ነው።

«አይነካኩም» ለሚለው ሁለት መልስ አለኝ። የመጀመሪያው፣ ይነካካሉ። ራዲያተሩ በብሎን ከኬዙ ጋር ታስሯል፤ የካርዱ ብሎክም በብሎኖቹና በካርዱ ግራውንድ በኩል ብዙ ጊዜ ከዚያው ኬዝ ጋር ይገናኛል። ጎማው ውሃውን ተሸከመ እንጂ መንገዱን አልዘጋም።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ሁለቱን ብረቶች በኤሌክትሪክ ፈጽሞ ብትለያዩአቸው እንኳ መዳብ በጥቂት በጥቂቱ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። የሟሟው መዳብ ከውሃው ጋር ዞሮ አሉሚኒየሙ ላይ ይደርስና በላዩ ይለጠፋል። አሉሚኒየም ራሱን የሚጠብቀው በጣም ስስ በሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ መዳቡ ሽፋኑ በሳሳበት ቦታ ሁሉ ሲያርፍ እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ ትንሽ ባትሪ ትሆናለች። ብረቱ በእኩል አይሳሳም፤ እየተቦረቦረ ይበሳል። እንግዲህ አሉሚኒየሙ መዳቡን መንካት አያስፈልገውም፤ መዳቡ ራሱ መጥቶ ይነካዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 «አላርም» የተባለችውን የጦር መርከብ ሆድ በመዳብ ለበጠው። ከጉዞ ተመልሳ ስትፈተሽ ልባጡን የያዙት የብረት ሚስማሮች ተበልተው ተገኙ። ከመዳቡ ጋር የመጣው መጠቅለያ ወረቀት በመሀል ሳይቀደድ የቀረላቸው ሚስማሮች ግን ተርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1824 ደግሞ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ነገሩን ገልብጦ ተጠቀመበት፤ መዳቡ እንዳይበላ የሚበሉለትን የዚንክና የብረት ቁራጮች አጠገቡ አሰረለት። መዳቡ ዳነ። ግን ያልታሰበ ነገር ተከተለ፦ የመርከቡ ሆድ በባሕር አረምና በቅርፊታም ነፍሳት ተሞላ። ለካስ ነፍሳቱን ሲገድላቸው የኖረው እየሟሟ የሚወጣው መዳብ ነበር።

ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው ይህችን የዴቪን ነገር ቢይዝ ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። ዝገትና ሻጋታ ሁለት የተለያዩ ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱን ስትከለክሉ ለሌላው በር ትከፍታላችሁ። መዳቡ እንዳይሟሟ መከላከያ ከጨመራችሁ ባክቴሪያና አልጌ የሚገድል ነገርም አብሮ መግባት አለበት። ጥሩ ኩላንት የሚባለው ሁለቱን አመዛዝኖ የያዘው ነው። ለመዳብ ቤንዞትሪያዞል የተባለ ውህድ ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ይሠራለታል። ግላይኮል በብዛት ሲገባ ተህዋሲያንን ይከለክላል፤ ጠብ ብቻ ከተደረገ ግን ምግባቸው ይሆናል። «ትንሽ ጠብ አድርጌበታለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት አልችልም። ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገሩ መርዝ መሆኑንም ሕፃንና ድመት ያለበት ቤት አይርሳ።

«ታዲያ ፋብሪካ አሽጎ የሚሸጣቸው ማቀዝቀዣዎች የመዳብ ሳህንና የአሉሚኒየም ራዲያተር ያላቸው ለምንድን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ፋብሪካው ፈሳሹን ለሁለቱ ብረቶች ቀምሞ፣ አየር እንዳይገባበት ዘግቶ፣ የአገልግሎት ዘመኑንም አስልቶ ነው የሚሸጠው። መከላከያው ሲያልቅ ዕቃው ይጣላል። እናንተ ግን በየጊዜው የምትከፍቱትንና የምትሞሉትን ነገር በዚያ ሒሳብ መሥራት አትችሉም።

ቦይ ስለሚደፍነው ዝቃጭም ልናገር። ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ልጅ ማሽኑን አምጥቶ «አልጌ ይዞታል» አለኝ። ብሎኩን ከፈትነው። መዳቡ ላይ የተፈለፈሉት ቦዮች ከግማሽ ሚሊሜትር የጠበቡ ናቸው፤ መግቢያው ላይ አረንጓዴ የመሰለ ነጣ ያለ ነገር ተጋግሮባቸዋል። በጣቴ ሳሸው እንደ ተልባ ያሟልጫል፤ ሽታ የለውም። አልጌ አልነበረም። ቱቦውን ስናየው ሲገዛ ለስላሳና ጥርት ያለ የነበረው ፒቪሲ ደንዝዞ ደርቋል። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ኬሚካል በሙቁ ውሃ ታጥቦ ወጥቶ ቦዩ ላይ ቀርቷል። ብሎኩ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጸዳ፤ ቱቦው ተጣለ። ኢፒዲኤም የሚባለው ጥቁር ጎማ ይህ ችግር የለበትም። አያምርም፤ ከሚያምረው ግን ይሻላል።

ወደ ዝቃጭ የሚያደርሰው ሌላው መንገድ ቀለም ነው። ወተት መስሎ የሚያበራው ፈሳሽ ውስጡ የተንሳፈፉ ደቃቅ ብናኞች አሉበት፤ ፓምፑ በቆመ ቁጥር ይዘቅጣሉ። ቀለም ካማራችሁ ቀለም ያለው ቱቦ ግዙ።

ውሃው የተጣራ፣ ማለትም ዲስትልድ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ካልሲየምና ክሎራይድ አለበት፤ የመጀመሪያው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታዩትን ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ሁለተኛው ብረት ይበሳል። ሱቅ ያለው የታሸገ ውሃም ለመጠጥ ነው እንጂ ለዚህ አይደለም፤ ማዕድን አለው። ዲስትልድ ፍለጋ የባትሪ ውሃ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገዛ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ይግዛ፤ የባትሪ አሲድም በፕላስቲክ ዕቃ ነው የሚሸጠው። ዲስትልድ ውሃም ቢሆን ለብቻው አይበቃም፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ አሲድነት ይይዛል፣ ከብረቱ ሲሟሟበትም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። «ንጹሕ ውሃ ቢያፈስስም አይጎዳም» የሚባለው ከጠርሙሱ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

ቀሪውን ባጭሩ። አዲስ ራዲያተር ከፋብሪካ የተረፈ የብየዳ ቅሪትና ብናኝ ስላለበት በሙቅ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ የመጨረሻውን እጥበት በዲስትልድ አድርጉት። ኒኬል የተለበጠ ብሎክ በኮምጣጤ አይታጠብ። ለተህዋሲያን ተብሎ የሚሸጠው የብር ጥቅልልም ኒኬል ካለበት ቦታ ይራቅ፤ ኒኬል በብር ፊት ደካማው ወገን ነው። አክሪሊክ በአልኮል አይጠረግም፤ ይሰነጣጠቃል። ፈሳሹ በዓመት አንዴ ይቀየር።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «ይህ ራዲያተር ከምን የተሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልነገራችሁ ተዉት። ገንዘብ ካጠራችሁም ከመብራቱና ከጌጡ ቀንሱ እንጂ ከራዲያተሩ አትቀንሱ።