«የውሃው ነው»፦ የሕፃናት አንገትና ሕብለ ሰረሰር

ከአዳማ እስከ ባቱና አዳሚ ቱሉ የጉድጓዱ ውሃ በአብዛኛው ፍሎራይድ የሚበዛበት በመሆኑና የነዋሪው ቡናማ ጥርስም ይህንኑ ስለሚመሰክር፣ እግሩ የሚሳሰርበት ሕፃን ሲታይ «የውሃው ነው» ይባላል። አባባሉ መሠረት አለው፤ ስሕተቱ ያለው ዕድሜው ላይ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በወንጂ ፍሎሮሲስ ላይ ያካሄዷቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ፍሎራይድ የአንገትን አጥንት አወፍሮና ጅማቱን አጠንክሮ ሕብለ ሰረሰርን፣ ማለትም የአንጎልን ትእዛዝ ወደ እጅና እግር የሚያደርሰውን የነርቭ ዘንግ፣ በእርግጥ ሊጫን ይችላል፤ ሆኖም ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ የሚፈጅ የአዋቂዎች ጉዳት ነው። በ3 ወይም በ4 ዓመት ሕፃን ላይ ግን መጠርጠር ያለበት ሌላ ነው፦ የአከርካሪ ቲቢ፣ ዕጢ፣ ወይም ከልደት የመጣ የአንገት አጥንት ችግር።

«ወጌሻ ያሸዋል» የሚለው እምነት ከዚህ የከፋ ነው። የአንገት አጥንቱ በቲቢ የተበላ ሕፃን ቀና ሲል አገጩን በእጁ ይደግፋል፤ የላላውን አጥንት ሕፃኑ ራሱ እየጠበቀው ነውና፣ እንዲህ ያለውን አንገት ማሸትም ሆነ መጠምዘዝ ትንፋሽን ጭምር ሊያቋርጥ ይችላል።

ቀዶ ሕክምና ሽባ ያደርጋል የሚለው ፍርሃት ከንቱ ነው ባይባልም፣ ሽባ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ሳይነሣ የቆየው ጫና ነው። የአከርካሪ ቲቢ ዋና ሕክምና ለበርካታ ወራት የሚወሰድ መድኃኒት ሲሆን፣ ቢላዋ የሚያስፈልገው በተለይ ድክመቱ ሲብስ ወይም አጥንቱ ሲፈርስ ነው። አኮንድሮፕላዚያ በተባለው የቁመት ማጠር ዓይነት የራስ ቅሉ የታችኛው ቀዳዳ ጠባብ ስለሚሆን፣ ሐኪሙ የቀዳዳውን የኋላ ጠርዝና አንዳንዴም የመጀመሪያውን የአንገት አጥንት ቅስት ያነሣል። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ሕፃናት የመጀመሪያውና ሁለተኛው የአንገት አጥንቶች ላልተው ሕብለ ሰረሰርን ከጫኑት ደግሞ አጥንቶቹ በብሎን ወይም በሽቦ ይያያዛሉ፤ የሕፃን አጥንት ትንሽና ለስላሳ በመሆኑ ይህ ከአዋቂው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩትን ሐኪሞች በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነበር፤ ስለዚህ የአዳሚ ቱሉ ሕፃን መንገድ ዛሬም በአመዛኙ ወደ አዲስ አበባ ያመራል። ከቀዶው በኋላም ጉዳዩ አያበቃም፦ ቅስቶቹ የተነሡለት አንገት በዕድገት ጊዜ ወደ ፊት ሊጎብጥ ስለሚችል፣ ልጁ አድጎ እስኪጨርስ ድረስ በየጊዜው በራጅ ይታያል።