በሩን አልፈው ዓመቱን ያላለፉ

ቢን ኦምራን በዶሃ ከሐማድ ሜዲካል ሲቲ ጎን ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ከሆስፒታሉ አቅራቢያ ካለው የሜትሮ ጣቢያ በአረንጓዴው መስመር ተነስቶ አል ቢዳ ላይ ወደ ቀዩ መስመር የተሻገረ መንገደኛ በ2 ሪያል ኳታር ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ይወርዳል። በሰፈሩ ቤቶች ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ግን ዩኒቨርሲቲ ሲባል የሚታሰባቸው ሌላ ነው፤ እህት ወይም ወንድም የተመደበበት ጎንደር፣ ወሎ፣ ጅማ ወይም አዲስ አበባ። በዕረፍት ቀን በኢሞ ሲደወል ከጤና ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ ውጤት ነው፤ ከውጤት ቀጥሎ ስለ ገንዘብ።

በኳታር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የጸናው ሕግ ዝቅተኛውን ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል አድርጎታል። አሠሪው መኖሪያና ምግብ ካላቀረበ 500 እና 300 ሪያል ይጨመርበታል፤ እዚያው አሠሪዋ ቤት ለምታድር ሠራተኛ ግን ሕጉ የሚያስከብርላት ያችኑ 1,000 ሪያል ነው። ከዚያች ደመወዝ ላይ ተቆርሶ አገር ቤት የሚገባው ገንዘብ ለሃንድአውት ፎቶ ኮፒ፣ ለሳሙናና ለንጽሕና መጠበቂያ፣ ለሴሚስተር ዕረፍት የአውቶቡስ ትኬት ይውላል። ማንም ስኮላርሺፕ ብሎ አይጠራውም። ብዙ ተማሪ ጋዋን ለብሶ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ ያቆየው ግን ይኸው ነው።

መንግሥት ተማሪውን በነፃ ወይም በዱቤ ያስገባዋል፤ ከገባ በኋላ የሚያቆየው ማን ነው? በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ ለአሥርት ዓመታት ሲንከባለል የመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ክርክሩ ሁልጊዜ መግቢያው በር ላይ ስለሚካሄድ፣ ማለትም ነጥቡ ስንት ይሁን፣ ለማን ዝቅ ይበል፣ ማን ይክፈል በሚለው ስለሚያልቅ፣ ከበሩ ወዲያ ያለው ጉዳይ ተገቢውን ትኩረት አግኝቶ አያውቅም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲከፈት ተማሪው ጥቂት ነበር፤ ትምህርቱም በመንግሥት ወጪ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ለሌሎች አፍሪካ አገሮች ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እስከ መስጠት ደርሰው ነበር። ከኬንያና ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከናይጄሪያ የመጡት እነዚያ ወጣቶች በኢትዮጵያውያኑ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው የተወሳ ነው። መግባት ግን ያኔም መጨረስ አልነበረም። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና በኋላ ተባርረው ሻንጣቸውን ይዘው የሚወጡትን ፍሬሾች ስድስት ኪሎ «ክሪስማስ ግራጁዌት» ትላቸው ነበር። ቀልዱን ሰምቶ የሚስቀው የቀረው ነው፤ የወጣው ግን መንደሩ ሸኝቶ የላከውን ተስፋ ይዞ ነው የሚመለሰው።

እስከ 1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባ፣ አሥመራና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ናቸው። ይህ ሁሉ ሲስፋፋ መንግሥት ወጪውን ብቻውን መሸከም ስላልቻለ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። ተማሪዎች «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት ነው። ተመራቂው ከማስተማሪያው ወጪ 15 ከመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ፣ ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቆረጠበት እንዲመልስ ይፈርማል። ዕዳው እስኪዘጋ ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም፤ «ቴምፖራሪ» ይዞ ይዞራል። በመርሕ ደረጃ ሥርዓቱ ደግ ነው፤ ገንዘብ የሌለውን ከበር አይመልስም። የተጻፈው ግን ለተመራቂ ነው። በሁለተኛው ዓመት የወጣው ልጅ ዲግሪም ሥራም ሳይኖረው ዕዳው ብቻ ይተርፈዋል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በሴቶች ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ ለደረሰባቸው በደል ማካካሻ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ በዚሁ መሠረት ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ሲደረግ ቆይቷል። «በአፊርማቲቭ የገባች» የሚለው አነጋገርም አብሮ ተወለደ። ነጥቡ ሲቀነስላት በይፋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቲቶሪያሉ በጀት ሲኖር ይሰጣል፣ ሳይኖር ይቀራል። ሁለተኛ ደረጃን ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የጨረሰች ልጅ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ፊዚክስ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ከመጣው ጋር እኩል ትቀመጥበታለች። ኤፍ ስታመጣ ደግሞ መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረባትም ለሚሉት ማስረጃ ትሆናለች። ለዚህ ጸሐፊ ይህ ፍርድ የተገለበጠ ነው። የወደቀው በሩን ከፍቶ ቲቶሪያሉን የነፈጋት አሠራር ነው።

በሩም ድጋፉም አብረው ሲገኙ ምን እንደሚሆን የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ታሪክ ያሳያል። በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣችው የትነበርሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ እዚያው ሳለች የሴት ተማሪዎችን ማኅበር መሥርታ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። እንደ እሷ ዓይነ ስውር የሆኑ የግቢው ተማሪዎች ዛሬም የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ሃንድአውቱን ጮክ ብሎ የሚያነብ፣ እነሱ እየቀዱ የሚያደምጡት። አንባቢው በፈተና ሳምንት የራሱ ጥናት ሲይዘው የሚቀረው ያች የቀዷት ድምፅ ናት። ዲግሪን ያህል ነገር በጓደኛ ትርፍ ጊዜ ላይ ማንጠልጠል ፍትሐዊ አይደለም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ በኩል የተለየ መንገድ ሞክሯል። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው የአሥር ዓመት መርሐ ግብር 450 ወጣቶችን ለማስተማር የታቀደ ሲሆን ትኩረቱም አካል ጉዳተኞች ላይ ነው። ሐሳቡ ክፍያ በመሸፈን አያበቃም። ግቢው ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ እንዲሆን መሥራት፣ መምህራንን በካናዳ ማሠልጠን፣ በአገሪቱ ያልነበረውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት መክፈት አብረው ታቅደዋል። ደረጃ ብቻ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል የተመደበለት በዊልቸር የሚሄድ ተማሪ ስኮላርሺፑ ምን ይጠቅመዋል? ገንዘቡ የውጭ መሆኑ ግን ሌላ ጥያቄ ይተዋል፤ ውሉ ሲያልቅ ሥራውን የዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት ይረከበዋል ወይ?

አሁን ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ይዟል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተዛወረበት በ2014 ዓ.ም. ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህል፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። የማለፊያ ነጥብ ካላመጡት የተወሰኑት በሬሜዲያል እንዲገቡ ተደረገ፤ ጥቂት ወራት ተምረው፣ ተፈትነው፣ ያለፉት ፍሬሽ ይሆናሉ። ሬሜዲያል ስንኩል ነገር ተደርጎ ይታያል፤ በዚህ ጽሑፍ ዓይን ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪውን ካለበት ቦታ ለመቀበል ያደረጉት የመጀመሪያው ግልጽ ሙከራ ነው። ችግሩ እዚያው ላይ ማቆሙ ነው፤ ድጋፉ ፍሬሽ የሆነውን ተማሪ አይከተለውም።

በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮም ለመጀመሪያ ዲግሪ በራሱ የመግቢያ ፈተና መቀበልና በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን ማስተናገድ ጀመረ። ደጋፊዎቹ ዩኒቨርሲቲው በምደባ የሚላክለትን ከመቀበል ነፃ ወጥቶ ጥራቱን ይመልሳል ይላሉ። ሥጋት ያደረባቸው ደግሞ ስድስት ኪሎ የከፋይ ልጅ ግቢ እንዳይሆን ይፈራሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ክፍያ ሳይጨመርበትም ግቢ ለድሃ ተማሪ ምን ያህል እንደሚከብድ ምግብ ላይ ያለው ለውጥ ለብቻው ያሳያል፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይያዝ የነበረው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ሲል፣ ያ 22 ብር ለዓመታት ምን ያህል እንጀራ ሲገዛ እንደኖረ ካፌ የበላ ሁሉ ያውቃል። ያልጠገበውን ሲሞላ የኖረው ደግሞ ከዓረብ አገር የሚላክ ብር ነው።

ተማሪ ግቢውን ለቆ የሚወጣበት፣ ገንዘብ የማይፈታው ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ግቢዎች በተነሳ ግጭት ብዙ ተማሪዎች ከተመደቡበት ክልል ጥለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ለሕይወቱ የሰጋ ልጅ በቲቶሪያል አይቆይም፤ ቅድሚያው ደኅንነቱ ነው።

ከቢን ኦምራን በሜትሮ የሚደረስበት ኳታር ዩኒቨርሲቲ ድህነት የሌለበት የሚመስል ግቢ ነው። ለዜጎች ትምህርቱ ነፃ ነው፤ የውጭ ዜጎች በክሬዲት ሰዓት ይከፍላሉ፤ ከፍተኛ ውጤት ላላቸው ስኮላርሺፕ አለ። ግን እዚያም ተማሪ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር የነበሩት 93 ሴቶችና 57 ወንዶች ነበሩ፤ ዛሬም ከአሥር ተማሪዎች ከሰባት በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ወንዱን ያለ ዲግሪ የሚቀበለው የወታደርና የፖሊስ ደመወዝ ቀድሞ ይስበዋል። ሌላው ግንብ እንግሊዝኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 በኋላ በተደረገው ማሻሻያ ተማሪው ኮሌጁን ከመጀመሩ በፊት የፋውንዴሽን መርሐ ግብር እንዲያልፍ ተደረገ፤ ብዙዎች እዚያው ተቀረቀሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የአገሪቱ ጠቅላይ የትምህርት ምክር ቤት እንደ ሕግና ቢዝነስ ያሉ ትምህርቶች በዐረብኛ እንዲሰጡ ወሰነ፤ ፋውንዴሽኑም የመግቢያ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ደረጃው ወረደ የሚሉና በሩ ለልጆቻችን ተከፈተ የሚሉ ኳታራውያን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በእንግሊዝኛ ለሚያስተምሩት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ክርክር ባዕድ አይደለም። ሀብታም አገር ክፍያውን በሙሉ ሸፍኖም ተማሪውን ማቆየት ካቃተው፣ ነገሩ የክፍያ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ምን እንደሚሠራ በቁጥር ያሳየ አንድ የመንግሥት ተቋም አለ፤ የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው «አሳፕ» የተሰኘ መርሐ ግብር ለድሃ ተማሪዎች ከክፍያ የጎደለውን ይሸፍናል፣ የመጽሐፍ ወጪ ይረዳል፣ የከተማ ትራንስፖርት ካርድ በነፃ ያድላል፤ በምትኩ ተማሪው ሙሉ ጊዜውን እንዲማርና አማካሪውን አዘውትሮ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ተማሪዎች በዕጣ ተለይተው በተደረገ ጥናት በሦስት ዓመት ውስጥ ከመርሐ ግብሩ ተማሪዎች 40 ከመቶ ሲመረቁ ከሌሎቹ የተመረቁት 22 ከመቶ ነበሩ። የትራንስፖርት ካርድ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለጉዞ የጎደለ ገንዘብ ከክፍል የሚያስቀር መሆኑን ግን ከዶሃ ብር የሚልኩት እህቶች ያለ ጥናት ያውቁታል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወደፊት ራስ ገዝ የሚሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች ስኮላርሺፕ ሲቀርጹ ሁለት ነገር መወሰን አለባቸው። አንደኛው በውጤት ይሁን በችግር የሚለው ነው። በውጤት ብቻ ከሆነ ዕድሉ ቀድሞ ጥሩ ትምህርት ቤት ለተማረው ይሄዳል፤ ስለዚህ ችግር መመዘን አለበት፣ ለዚህም የቀበሌ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ውጤት ሲቀንስ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ብዙ ስኮላርሺፖች ነጥብ ሲወርድ ይቋረጣሉ፤ ዋርኒንግ የገባ ተማሪ ድጋፍ በሚሻበት ሴሚስተር ድጋፉን ያጣል ማለት ነው። ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ከአማካሪና ከቲቶሪያል ጋር ሊታገሡት ይገባል።

ዩኒቨርሲቲዎች በምረቃ ቀን ስንት እንዳስመረቁ፣ ከነዚያም ስንቱ ሴቶች እንደሆኑ በኩራት ይናገራሉ። ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት አብረዋቸው የገቡት ስንት እንደነበሩ፣ በየትኛው ዓመት እንደወጡና ለምን እንደወጡ በጾታ፣ በክልልና በአካል ጉዳት ተለይቶ አብሮ ይነገር። ወጪው ትንሽ ነው፤ መረጃው በየሬጅስትራሩ መዝገብ ላይ አለ።