ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍን በኢንዲዛይን ቀለም ስለመቀየር

ባለፈው ዓመት የዲፓርትመንታችንን የምረቃ መጽሔት ገጾች ያቀናበርኩት እኔ ነበርኩ። በጀታችን የሚፈቅደው ሁለት ቀለም ብቻ ነበር፤ ጥቁርና አረንጓዴ። እኔ ግን አንዳንዶቹን ፎቶግራፎች በፎቶሾፕ አረንጓዴ አስመስዬ፣ በአርጂቢ እንዳሉ ኢንዲዛይን ውስጥ አስገባኋቸው። ስክሪን ላይ ሲታዩ ምንም አይሉም ነበር። ማተሚያ ቤት ስንደርስ ባለሙያው ፋይሉን ከፍቶ አየና «ይሄ እኮ አራት ፕሌት ነው» አለን። ለአራት ፕሌት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረን ሥራው ቆመ። ሌላ ተማሪ እንደኔ እንዳይቸገር ያኔ የተማርኩትን ባጭሩ ላስረዳ።

በኦፍሴት ኅትመት እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት አለው። ባለ ሙሉ ቀለም ምስል የሚታተመው በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ነው። ስለዚህ ለዓይን አረንጓዴ ብቻ የሚመስለው የአርጂቢ ፎቶግራፍ ለኅትመት ሲዘጋጅ በእነዚህ አራት ቀለሞች ይከፋፈላል።

መፍትሔው ቀለሙን ፎቶሾፕ ላይ ሳይሆን ኢንዲዛይን ላይ መስጠት ነው። መጀመሪያ በፎቶሾፕ ከኢሜጅ ሜኑ ሞድ፣ ቀጥሎም ግሬይስኬል የሚለውን መርጣችሁ በቲፍ ሴቭ አድርጉት። ኢፒኤስ ከሆነ ኢንዲዛይን ቀለሙን መቀየር አይችልም። ኢንዲዛይን ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ በነጩ ቀስት ማለትም በዳይሬክት ሰሌክሽን ምስሉን ራሱን ክሊክ አድርጉና ፊል ላይ ሆናችሁ ከስዋችስ ቀለም ምረጡ። ጥቁር የነበረው ሁሉ ወደዚያ ቀለም ይለወጣል። በጥቁሩ ቀስት ከያዛችሁት ግን ቀለሙ የሚገባው ፍሬሙ ውስጥ ስለሆነ የሚቀየረው ነጩ ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ስዋቹን ስትፈጥሩ ከለር ታይፕ የሚለው ስፖት መሆኑን እዩ። ፕሮሰስ ከሆነ አረንጓዴው ሳያንና ቢጫ ሆኖ ስለሚከፈል ሁለት የነበረው ፕሌት ሦስት ይሆንባችኋል።

ሌላው የሚረሳ ነገር፣ ምስሉ ከመረጣችሁት ቀለም በላይ ሊጠቁር አለመቻሉ ነው። ቢጫ ብትመርጡ በጣም ጥቁር የነበረው ቦታም ቢጫ ብቻ ይሆናል፤ የሰው ዓይንና ቅንድብ ይጠፋል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቀለም ምረጡ። የሰው ፊት ከሆነ ደግሞ በጥቁሩ ብትተዉት ይሻላል። አረንጓዴ ፊት የታመመ ሰው ያስመስላል፤ ቀለሙ ለሕንፃና ለግቢው ዛፍ ይበቃል።

ፋይሉን ከመስጠታችሁ በፊት ከዊንዶው ሜኑ አውትፑት፣ ከዚያም ሴፓሬሽንስ ፕሪቪው ክፈቱ። ቪው የሚለውን ሴፓሬሽንስ ካደረጋችሁ በኋላ የጥቁሩንና የአረንጓዴውን የዓይን ምልክት አጥፉ። ገጹ ላይ የቀረ ነገር ካለ ያልተስተካከለ ምስል አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ግን ባለማወቃችን ገጾቹን እንደገና ስንሠራ ምረቃው አለፈ። መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ አብዛኞቹ ተመራቂዎች ወደየአገራቸው ሄደው ነበር፤ ፎቶግራፋቸው ያለበት ቅጂ እስካሁን ቢሮ ውስጥ በካርቶን ተቀምጧል።