ከሀዋታ የሄደ እንግዳ በፓሪስ ቢስትሮ

ሀዋታ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በራሃድ ወንዝ ዳር ያለች የባቡር ከተማ ናት። ራሃድም በእኛ በኩል ሽንፋ የምንለው ወንዝ ነው። በማሽላና በሰሊጥ ወቅት ድንበር ተሻግሮ በዚያ አገር የሠራ፣ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉልና ኪስራ የሚባለውን ቂጣ ከባልንጀሮቹ ጋር ከአንድ ትሪ የበላ ብዙ ወገን አለን። ከእነርሱም አንዳንዱ በሊቢያ አቋርጦ ዛሬ ፈረንሳይ ይኖራል። በየመንገዱ ጥግ ያሉት፣ ቢስትሮ የሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ግን ያስፈሩታል፤ ዋጋቸው የማይቀመስ፣ ሥርዓታቸውም የሚያሳፍር ይመስለዋል።

ዛሬ የምናያቸው ዘመናዊ ቢስትሮዎች የተነሡት ግን ዋጋን ለማውረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢቭ ካምድቦርድ የተባለ ወጣት ሼፍ ከታላቁ ክሪዮን ሆቴል ወጥቶ በፓሪስ ዳር ላ ሬጋላድ የሚባል ቤት ከፈተ። የሆቴሉን አበሳሰል ይዞ ጌጡንና ወጪውን ተወው፤ ሙሉ ምግቡንም በአንድ ቁርጥ ዋጋ አቀረበ። ሌሎች ወጣቶች ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 ጋዜጠኛው ሴባስቲያን ደሞራን ይህን አካሄድ ቢስትሮኖሚ አለው። ለተራው ተመጋቢ ትልቅ ውለታ ነው እላለሁ፤ ለግድግዳና ለመጋረጃ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ሥጋውና አትክልቱ ላይ ዋለ።

ወደ ቢስትሮ ሲገቡ በቅድሚያ «ቦንዡር» ይበሉ። ያለ ሰላምታ ማዘዝ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ይህ ለእኛ ሰው የሚከብድ አይደለም። ከዚያ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈውን ጥቁር ሰሌዳ ይመልከቱ። የዕለቱ ምግብ እዚያ አለ፤ ጠዋት ከገበያ በመጣው ስለሚሠራ በየቀኑ ሊቀየር ይችላል። አንትሬ መክፈቻው፣ ፕላ ዋናው ምግብ፣ ዴሴር ጣፋጩ ነው። ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአንድ ዋጋ ማዘዝ ለየብቻ ከማዘዝ ይረክሳል። ዳቦና የቧንቧ ውሃ አይከፈልባቸውም፤ የአስተናጋጁም ድርሻ በዋጋው ውስጥ ተካትቷል። ሁሉም ከየራሱ ሳህን ይበላል፤ ከጓደኛ ሳህን መቅመስ ግን ነውር አይደለም።

ሥጋ ሲያዝዙ አበሳሰሉን ይጠየቃሉ። «ቢየን ኩዊ» ካላሉ መሃሉ ቀይ ሆኖ ይመጣል። ክትፎ ለሚወድ ሰው ደግሞ ስቴክ ታርታር አለለት፦ ጥሬ የበሬ ሥጋ በደቃቁ ተከትፎ፣ በሰናፍጭ፣ በሽንኩርትና በእንቁላል አስኳል ተለውሶ ይቀርባል። እንደ ክትፎ ቅቤና ሚጥሚጣ ስለሌለው መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ሰናፍጩ ግን ቆይቶ አፍንጫ ላይ ይወጣል።

ጿሚ ሰው ይጠንቀቅ። የቢስትሮ ወጥ ቤት መሠረቱ ቅቤና ክሬም ነው፤ የአትክልት ሾርባ የተባለው እንኳ ክሬም ሊኖርበት ይችላል። «ቬጀታሪያን» ማለት ለረቡዕና ለዓርብ አይበቃም፣ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላልና፤ «ቬጋን» ይበሉ። ሙስሊም እንግዳም ስለ አሳማ ብቻ ጠይቆ አያብቃ፦ እንደ ቤፍ ቡርጊኞን ያለው ወጥ የሚበስለው በቀይ ወይን ጠጅ ነው።

ከሀዋታ አካባቢ የመጣ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። የገዳሪፍ ቆላ የግራር ሙጫ አገር ነው። ዝናቡ አልፎ ቅጠል ሲረግፍ ገበሬው ሀሸብ የሚባለውን ግራር ቅርፊት ይልጣል፤ ከተላጠው ቦታ የሚወጣው ፈሳሽ ለሳምንታት ፀሐይ እየመታው ክብ ክብ ሆኖ ይደርቃል፣ በእጅም ይለቀማል። የሱዳንን ሙጫ በብዛት ገዝተው ከሚያቀናብሩ አገሮች ፈረንሳይ ዋነኛዋ ናት። ሙጫው ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ይገባል፣ በአንዳንድ ወይን ጠጅም ላይ ይጨመራል። ስለዚህ በዚያ ገበታ ላይ የእነዚያ ገበሬዎች ድካም አለበት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት ይህን ንግድ ክፉኛ ጎድቶታል፤ ለቃሚዎቹንም አብሮ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ በሥራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ይሂዱ። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ዋጋው ከማታው ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ ብዙው ወጥ ቤት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ሒሳብ ሳይጠይቁ አይመጣልዎትም፤ እስኪጠይቁ ድረስ ወንበሩ የእርስዎ ነው።