የባሕር ዳር እድር

ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ የተሳፈረባት መርከብ በመላጥያ ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ተተክላ በሞገድ በተሰበረች ጊዜ፣ በውስጧ የነበሩት 276 ነፍስ ከፊሉ በዋና፣ ከፊሉም በሳንቃና በመርከቧ ስባሪ ላይ ሆኖ ወደ ምድር እንደ ደረሰ፣ የደሴቲቱም ሰዎች ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ እሳት አንድደው እንደ ተቀበሏቸው የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። በደጋ ተወልደን ባሕርን በመጽሐፍ ብቻ የምናውቅ ሰዎች ይህን ስናነብ ልባችን የሚያርፈው በእሳቱ ላይ ነው፤ ነገር ግን የመላጥያ ሰዎች፣ ደግነታቸው ሳይካድ፣ የተቀበሉት ባሕሩ የተፋውን ነው እንጂ ከባሕሩ አፍ ሊነጥቁ የወጡ አልነበሩም። ሊወቀሱም አይገባም፤ ከእነርሱ በኋላ እስከ 18ኛው ምዕት ዓመት መገባደጃ ድረስ በአውሮፓ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ መርከብ ሲሰበር ያደርግ የነበረው ከዚህ እምብዛም አይበልጥም፤ ቆሞ ያያል፣ ይጸልያል፣ ሲነጋ ሬሳ ይሰበስባል፤ አንዳንዱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሬሳው አስቀድሞ ዕቃውን ይለቅማል።

ወጥቶ መንጠቅ በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ከኀፍረት የተነሣ ነው ለማለት ይቻላል። በ1789 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አድቬንቸር የተባለች መርከብ በታይን ወንዝ አፍ ላይ አሸዋ ይዟት ሰዎቿ ወደ ማዕበሉ ሲወድቁ፣ የሳውዝ ሺልድስ ከተማ ሰው በሺሕ እየተቆጠረ ዳር ቆሞ ከመመልከት በቀር አንዳች ሊያደርግ ሳይችል ቀረ። ከዚያም በኋላ የከተማው ታላላቅ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ማዕበል የምትችል ጀልባ ነድፎ ለሚያመጣ ሽልማት አውጀው፣ በ1790 ጎኗ በቡሽ የተደገፈ፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ ጀልባ አሠሩ።

የአንዲት ከተማ ትሩፋት የነበረውን ነገር የአገር ሥርዓት ያደረገው ግን «ማን» በምትባለው ደሴት፣ በዳግላስ ከተማ የሚኖረው ባለ ማዕርጉ ሰር ዊልያም ሂላሪ ነው። በ1823 ለእንግሊዝ ሕዝብ የአቤቱታ ጽሑፍ አሳትሞ በተነ፤ በተከታዩም ዓመት ማርች 4 ቀን የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በመሩት የለንደን ጉባኤ ዛሬ ንጉሣዊ ብሔራዊ የነፍስ አድን ጀልባዎች ተቋም የሚባለው ማኅበር ተመሠረተ። ሂላሪ ሌላውን ወደ ማዕበል ልኮ እርሱ ምድጃ ዳር የሚቀር ሰው አልነበረም፤ በ1830፣ በ59 ዓመቱ፣ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመች የፖስታ መርከብ በዳግላስ ወደብ ከአለት ላይ ስትወጣ፣ ዋና እንኳ የማያውቅ ነበር የሚባለው ይህ ሰው ከቀዛፊዎቹ ጋር ወጥቶ፣ ማዕበል ከጀልባው ጠርጎት፣ የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው ተጎትቶ ተመለሰ፤ የመርከቢቱም 22 ሰዎች አንድ ሳይጐድል ዳኑ።

ማኅበሩ ዛሬ በብሪታንያና በአየርላንድ ዳርቻ 238 የጀልባ ጣቢያዎች አሉት፤ ከተመሠረተም ጀምሮ ከ140,000 የሚበልጥ ነፍስ አድኗል። የድረሱልኝ ጥሪውን የሚቀበለው የመንግሥት የባሕር ጠባቂ ክፍል ነው፤ ወደ ማዕበሉ የሚወጣው ግን ጎረቤት ነው፤ ገንዘቡም የሚመጣው ከምጽዋት ሣጥንና፣ ከሁሉ ይልቅ፣ ከሟቾች ኑዛዜ ነው። ከ1854 ጀምሮ ለ15 ዓመታት ያህል ማኅበሩ የመንግሥት ድጎማ ተቀብሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ መንግሥት ከሰጠ እኔ ምን አገባኝ እያለ ሰው እጁን መሰብሰብ ስለ ጀመረ፣ በ1869 ድጎማውን በገዛ ፈቃዱ ተወው። ገንዘብ ሲሰጡት እምቢ ያለ ማኅበር ታሪክ ማንበብ ብርቅ ስለ ሆነብኝ ይህን ሳላነሣው ማለፍ አልወደድሁም።

ለአገራችን አንባቢ ይህን ሥራ ለማስረዳት ከእድር የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። በሌሊት የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ፣ የተኛው ተነሥቶ ጋቢውን ደርቦ፣ የማን ቤት እንደ ሆነ ሳያውቅ በሩን ከፍቶ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በእነዚያም መንደሮች ቀድሞ ወደ ሰማይ ተተኩሶ የሚፈነዳ ርችት፣ ዛሬ ደግሞ በወገብ የሚታጠቁት ፔጀር በጮኸ ጊዜ፣ መምህሩ ጠመኔውን፣ ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን ጥሎ ወደ ጣቢያው ይሮጣል። ዛሬ አብዛኞቹ በኑሯቸው የባሕር ሰዎች አይደሉም፤ ሴቶችም ወንዶችም ናቸው፤ ከጥቂት መካኒኮችና የጀልባ አለቆች በቀር ደመወዝ የሚቆረጥለት የለም። የእኛ ጥሩንባ ለቀብር ይጠራል፤ የእነርሱ ቀብር እንዳይኖር።

ጀልባዋ ራሷ ልትታይ ይገባታል። አፉ ጥብቅ ተደርጎ የተወተፈ ባዶ ቅል ከታቹ ድንጋይ ታስሮበት ወደ ውኃ ቢደፋ፣ አየሩ ወደ ላይ፣ ድንጋዩ ወደ ታች እየጎተተ መልሶ እንደሚያቆመው ሁሉ፣ የዛሬዋም ጀልባ ከባድ ሞተሯና የብረት ክብደቷ በሆዷ ሥር ስለ ሆነ፣ ከላይ ያለው ቤቷም ውኃ የማያስገባ ስለ ሆነ፣ ማዕበል ቢገለብጣት በጥቂት ሴኮንድ ራሷ ትቃናለች። ከቀድሞዎቹ ብዙዎቹ ይህን አላገኙም። በ1861 በዊትቢ ወደብ 13 ቀዛፊዎች በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ወጥተው የአምስት መርከብ ሰዎች አድነው፣ ለስድስተኛው ሲወጡ ጀልባቸው ተገለበጠና 12ቱ ሞቱ፤ የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ብቻ ነበር፤ ከሁሉም ውስጥ አዲሱን የቡሽ ሰደርያ የለበሰ እርሱ ብቻ ነበርና።

ከታሪኮቻቸው ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን አብዛኛው በየብስ የተፈጸመው ነው። በ1899፣ በጃኑዋሪ 12 ምሽት፣ ፎረስት ሆል የተባለች ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ 18 ሰዎች እንደ ያዘች በፖርሎክ ባሕር ዳር መሪዋ ተሰብሮ ወደ ምድር ስትገፋ፣ የሊንማውዝ መንደር ሰዎች ጀልባቸውን ወደ ውኃ ሊያወርዱ ቢሞክሩ ማዕበሉ በገዛ ደጃቸው ከለከላቸው። የጀልባዋ አለቃ ጃክ ክሮኮምብ እንግዲያስ በተራራው ዞረን ከፖርሎክ እናውርዳት የሚል አሳብ ባቀረበ ጊዜ፣ የሰማው ሁሉ አብዷል ሳይለው አልቀረም፤ መንገዱ 21 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ ጭነት የሌለው ፈረስ የሚያለከልክበት፣ ጀልባዋም ከነሠረገላዋ 10 ቶን ያህል የምትመዝን ነበረችና። ያም ሆኖ መቶ የሚያህል ሰውና ወደ ሃያ የሚጠጉ ፈረሶች ተጠምደው በዝናብና በጨለማ ጎተቷት። ዳገቱ ላይ የሠረገላው ጎማ ወለቀ፤ መልሰው ገጠሙት። መንገዱ በጠበበበት ስፍራ ጀልባዋን ከሠረገላዋ አውርደው፣ ከሥሯ እንጨት እያነጠፉ፣ ከኋላ ያለፈችበትን እንጨት እያነሡ ወደ ፊት እያስቀደሙ በእጅ ገፏት፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በገመድ ወደ ኋላ እየጎተተ እንዳትፈረጥጥ ያዛት፤ የአትክልት አጥር ግንብ አፈረሱ፣ የከለከላቸውንም ዛፍ ቈረጡ። ጎሕ ሳይቀድ ከባሕሩ ደረሱ፤ ቀዛፊዎቹም ሌሊቱን ሙሉ ተራራ ሲገፉ ያደሩ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ ሳያርፉ መቅዘፊያ ይዘው ወጡ። 18ቱም ዳኑ። ከፈረሶቹ አራቱ ከድካም ብዛት ሞተዋል፤ ስለ እነርሱ ሲነገር የምሰማው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

መጨረሻው ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። በ1981፣ ዲሴምበር 19 ሌሊት፣ በኮርንዎል ዳርቻ ዩኒየን ስታር የተባለች መርከብ ሞተሯ ጠፍቶ ስምንት ነፍስ እንደ ያዘች ወደ አለት ስትነዳ፣ ሄሊኮፕተር ሞክሮ አልሆነለትም፤ ከማውስሆል መንደርም ሰለሞን ብራውን የተባለችው የእንጨት ጀልባ ስምንት ፈቃደኞች ይዛ ወጣች። ጥሪው በተሰማ ጊዜ ከአንድ ቤት አባትና ልጅ አብረው ወደ ጣቢያው መጥተው ነበር፤ የጀልባዋ አለቃ ግን በእንዲያ ባለ ሌሊት ከአንድ ቤተ ሰብ ሁለት ሰው አልጭንም ብሎ አባትየውን ወስዶ ልጁን መለሰው። አራት ሰዎች ማውጣታቸውን በራዲዮ ካስታወቁ በኋላ ድምፃቸው ተቋረጠ፤ 16ቱም ሞቱ። መንደሪቱ የገና መብራቶቿን በዚያ ቀን በየዓመቱ ለአንድ ሰዓት ታጠፋለች። በአደጋው ማግስት ለአዲስ ጀልባ የሚበቃ ሰው ስሙን አስመዘገበ፤ ከጣቢያው በር የተመለሰው ልጅም ከዓመታት በኋላ የዚያው ጣቢያ ጀልባ አለቃ ሆነ።